በላስቲክ የታሰረው አይብ

በ1973 ዓ.ም. የእነ መይሙና ቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ ዋቅሹማ ላስቲክ ወደደ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር መጣ የተባለ አንድ ጥቅል ላስቲክ ለኅብረት ሱቁ በደረሰ በሳምንቱ፣ "ከእንግዲህ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጉሊት ምግብ በቅጠል አይጠቀለልም፤ ቅጠል የፊውዳል ነው" ብሎ ዐወጀ። የኮባ ቅጠል ስንት ጋሻ መሬት እንደነበረው እሱ ይወቅ።

መይሙና አይብና ቅቤ በኮባ ጠቅልላ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ለሁለት ሰው በማትበቃ መደብ ነው። ዝም ብትል ይሻላት ነበር። ግን ዝም ማለትን ማን አስተምሯት! ስብሰባው ላይ እጇን አወጣች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አይብ ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ያልበዋል፤ በሁለት ቀኑ ይበላሻል። ቅጠሉ ግን ውሃውን ያጠፍፍለታል፣ ቀዝቀዝ ያደርገዋል። ደግሞ ቅጠሉን ሲጥሉት በግ ይበላዋል። ላስቲኩን ማን ሊበላው ነው?"

"ላስቲክ አይበሰብስም፣ ጓዲት መይሙና!" አለ ዋቅሹማ ደረቱን ነፍቶ። "እንደ አብዮታችን ዘላለማዊ ነው!"

ተጨበጨበ። ያን ጊዜ የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም።

ጥያቄዋ ግን ዋቅሹማን ቆጠቆጠው። "በሳይንስ እናረጋግጣለን" አለ። ከራሷ ከመይሙና አይብ አምስት ጥቅል በኮባ፣ አምስት ጥቅል በላስቲክ ታስሮ ከእሑድ እስከ ረቡዕ በቀበሌው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ላስቲኩ ካሸነፈ መይሙና መደቧን ለቃ ትነሣለች።

ሰኞ ረፋድ ላይ አዳራሹን የሚጠብቁት አብዮት ጠባቂዎች ራባቸው። አንዱን ቅጠል ገለጥ ቢያደርጉት አይቡ ነጭ፣ ጥፍፍ ያለ ነው። ሚጥሚጣ አስመጡ። እስከ ማክሰኞ የቅጠሉ አምስቱም አለቀ። ከላስቲኮቹ አንዱን ደግሞ ፈትተው አሸተቱና፣ ፊታቸውን አዙረው መልሰው አሰሩት።

የቀበሌው ጸሐፊ ወልደ ሚካኤል ሪፖርቱን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "በቅጠል የተጠቀለለው አይብ መቶ በመቶ የጠፋ ሲሆን፣ በላስቲክ ከታሰረው አንድም ግራም አልጎደለም።" ወዲያው ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተላከ። አንድ ቃል ውሸት የለበትም።

ረቡዕ ኮሚቴው መይሙናን አስጠርቶ ተሰበሰበ፤ ሪፖርቱም ተነበበ። መይሙናን የሚያስነሣው ደብዳቤ ተጽፎ ፊርማና ማኅተም ብቻ ቀርቶታል፤ ዋቅሹማ ከምሳ በኋላ ሊፈርም ነው። አምስቱ ላስቲኮች ጠረጴዛው ላይ ተነፋፍተው፣ ቢጫ ውሃ ቋጥረው ተቀምጠዋል።

"ጓዲት መይሙና፣ ቅመሺና መስክሪ" አለ ዋቅሹማ።

ተበላሽቷል ብትል ሪፖርቱን አስተባብላለችና አድኃሪ ናት፤ አድኃሪ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሰፈሩ ያውቃል። ጥሩ ነው ብትል መደቧ ሄደ። ልጆቿ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ፈራች፣ ክፉኛ ፈራች። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ሲገባ ግን ንዴቷ ፍርሃቷን ቀደመው።

"ኧረ ጓድ ሊቀመንበር! ይሄን የመሰለ የአብዮት ፍሬ እኔ ተራ ቸርቻሪዋ ከኮሚቴው ቀድሜ እንዴት አፌ ላይ አደርገዋለሁ? ነውር ነው። መጀመሪያ እናንተ። እኔ ከተረፈ እቀምሳለሁ።"

ዋቅሹማ አይቡን አየ፣ የሪፖርቱን ግልባጭ አየ። ሪፖርቱን መመለስ አይቻልም።

"ጓዶች" አለ በመጨረሻ፣ "እንቅመስ።"

ማንኪያ ታደለ። ወልደ ሚካኤል ገረጣ። ረቡዕን ተደብቆ የሚጾም ሰው ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ የልደታ ማርያምን በር ተሳልሞ ሲሄድ መይሙና በዓይኗ አይታዋለች። ጾም ላይ ነኝ ቢል ካድሬነቱ አከተመ። እግዜርን በሆዱ ይቅርታ ጠይቆ ዋጠ። ሌሎቹም ዋጡ። አንዱ እንባውን እየጠረገ "ጣፋጭ ነው!" አለ። ዋቅሹማ ደግሞ ምሳሌ ለመሆን ብቻውን ሁለት ላስቲክ ጨረሰ። ለመይሙና የተረፈ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ደብዳቤውን የሚፈርም ሰው ታጣ። ኮሚቴው በሙሉ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው አንዲት ሽንት ቤት ፊት ተሰልፏል። ሊቀመንበሩ ተራ መጠበቅ አቅቶት በሥልጣኑ ቀድሞ ገብቷል፤ ወልደ ሚካኤል ሆዱን ይዞ በሩን ይደበድባል፦ "ጓድ! እኩልነት! ጓድ!"

ቀበሌው አራት ቀን ተዘጋ።

በአምስተኛው ቀን ዋቅሹማ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ እየዞረ፣ መጥቶ መደቧ ፊት ቆመ። መይሙና ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

"ስለ መደብሽ ጉዳይ" አለ ዓይኗን ሳያይ፣ "ኮሚቴው ገና እያጠና ነው።"

"እስኪያጠና ድረስስ ጓድ ሊቀመንበር?"

"እዚያው ተቀመጪ።"

"በቅጠል ልጠቅልል?"

ግራና ቀኙን ቃኘ። "እኔ አላየሁም" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደርግ ሲወድቅ ጥናቱ ገና አላለቀም ነበር። መይሙና ያን ቀን ጠዋትም መደቧ ላይ ተቀምጣ አይቧን በኮባ እየጠቀለለች ነበር።