የተለቀለቁ ገመዶች

ከወረዳው ትምህርት ቢሮ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ዐሥሩም ኮምፒውተሮች ካልሠሩ ተጭነው ለከተማው ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ከተማው መብራት አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው። የእኛ መንደር ካምቤንጄ ያላት ጣሪያ ላይ የወጣ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ሁለት የመኪና ባትሪና ዛይትዋ ናት። የጠገበውን ማጉረስ የቢሮዎች ሁሉ አመል ነው።

ዛይትዋ የሳይንስ መምህራችን ናት። ስክሪኖቹን የዋና ከተማችን የሊሎንግዌ ቢሮዎች ከጣሉት ክምር ለቀመች፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ የሳሙና ቁራጭ የምታህል ርካሽ ኮምፒውተር አሰረች፤ ሁሉንም በገመድ ከአንድ ማሽን ጋር አገናኘች። ትምህርቱ የሚመጣው ከዚያ ማሽን ነው፤ ኢንተርኔት የለንም። ጠረጴዛዎቹን አብረን በጡብ ገነባን። በዚህ መሐል ወደ ከተማ የመዛወር ዕድል መጥቶላት «ልጆቼ ኮምፒውተር ሳይነኩ አልሄድም» ብላ መልሳዋለች። ማሽኖቹ ከተወሰዱ በባዶ ክፍል ልትቀር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉን ስከፍት ገመዶቹ የሉም። ወለሉ በእበትና በጭቃ ተለቅልቆ፣ በጣት የተሣለ የማዕበል ጌጥ ወጥቶለት ያብረቀርቃል። እንግዳ የሚገባበት ቤት ሳይለቀለቅ እንደማይቀር እኔም አውቃለሁ። የመንደሩ ሴቶች ግን መሬት ላይ የተዘረጋውንም ገመድ አብረው ለቅልቀውታል።

የሴቶቹ መሪ እትዬ ናምዋሌ በሩ ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ።

«ምንድን ነው የሠራችሁት?» አልኩ። «የዶሮ ቤት መሰላችሁ?»

«ሽቦው ተዝረክርኮ ነበር፣ መምህር። አይጥ ይበላዋል ብለን ሸፈንነው። አፉን አፉን ግን በስኳር ላስቲክ ጠቅልለን ውጭ ትተነዋል።»

«ማን አዘዛችሁ? የማታውቁትን ነገር ለምን ትነካላችሁ?»

እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት፣ እኛ ዘንድ ይቅርታ እንደሚጠየቀው፣ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ይነሡ አላልኳቸውም። ራሳቸው ተነሥተው ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ።

ዛይትዋ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። «ጋሼ ንታምቦ፣ የቢሮውን ንዴት እሳቸው ላይ ተወጡት» አለችኝ።

ዓርብ ማለዳ አበራናቸው። ዘጠኙ ትምህርቱን አመጡ። ዐሥረኛው ስክሪን በራ፤ ትምህርቱ ግን አልመጣለትም። ገመዱ ወለሉ ውስጥ ተቆርጧል ማለት ነው። የት ጋ እንደሆነ ለማወቅ መቆፈር ያስፈልጋል፤ ሴቶች የለቀለቁትን ወለል ሳያስፈቅዱ መቆፈር ደግሞ የሰው ድስት እንደ መድፋት ነው።

«ይሂዱና ይጥሯቸው» አለች ዛይትዋ።

«አንቺ ሂጂ።»

«እኔ አልጮህኩባቸውም።»

ሄድኩ። እትዬ ናምዋሌ ለምሳ ገንፎው ለንሲማ የሚሆን በቆሎ ያበጥራሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሰፌዳቸውን አስቀመጡ።

«ወለል ይፈርሳል፣ ይለቀለቃል። ለዚህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?» አሉና ቢላዋ ይዘው ቀድመውኝ ወጡ።

ብዙ አልፈለጉም። ማለስለሻ ድንጋዩ ከእጃቸው ያመለጠበትን ቦታ ያስታውሱ ነበር፤ የተቆረጠው እዚያው ነው። ዛይትዋ ሽቦውን ልጣ ቀጠለችው፣ በላስቲክ ጠቀለለችው። ዐሥረኛው ትምህርቱን አመጣ። የቀረው ጉድጓዱን መልሶ መለቅለቅ ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች ውሃ ወርደዋል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

«እጅህን አምጣ» አሉኝ እትዬ ናምዋሌ።

«እኔ? ይሄ እኮ የሴት ሥራ…»

«ትናንት ሁሉን የምታውቅ አንተ አልነበርክም?»

ተንበረከክኩ። እበቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሴቶቹ ከውሃ ሲመለሱ በመስኮት አዩኝ።

«ኑ እዩ፣ መምህር ባል ሊያገባ ነው መሰለኝ» አለች አንዷ፤ የሌሎቹ ሳቅ እስከ ማንጎው ዛፍ ተሰማ።

ተቆጣጣሪው አቶ ካሊንዴ በዚህ መሐል ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው እርጥቡን ወለል አዩና ጫማቸውን አወለቁ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ቁጣዬን ተውኩላቸው። ዐሥሩንም አንድ በአንድ እየነኩ አለፉ።

«ገመዱ የታል?»

«ከእግርዎ በታች» አለች ዛይትዋ። «አይጥ አያገኘውም፣ ልጆች አይደናቀፉበትም።»

«ከተማ ያለውንማ አይጥ ሁለት ጊዜ ቆርጦብናል» አሉና ወረቀታቸው ላይ ጻፍ ጻፍ አደረጉ። «እነዚህ እዚሁ ይቆዩ።»

ዛይትዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዐይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየሁ፤ ማየቴን እንዳታውቅ ዐይኔን ወደ ወለሉ መለስኩ። እትዬ ናምዋሌ አሁንም እዚያው ተንበርክከዋል። ቃሉ ከአፌ ላለመውጣት ታገለኝ።

«እትዬ፣ የትናንቱን… ይቅር ይበሉኝ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። የለቀለቅኩትን በመዳፋቸው እየዳበሱ ቆዩ።

«እዚህ ጥጉ ጋ ሳስቷል» አሉ፣ ባልዲውን ወደ እኔ እየገፉ። «ሳይደርቅ ጨምርበት።»