የተሰደደ ጌጥ

ፍሬወይኒ ቦርሳዋን አንስታ ከክፍል ስትወጣ፣ መምህርቷ ሥርጉት ገና እያስተማረች ነበር። ግድግዳው ላይ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የታተመ የጣሪያ ጌጥ ንድፍ በፕሮጀክተር በርቷል፤ ቅጠሉ ከሐረጉ፣ ሐረጉ ከአበባው የተጠላለፈ። የነደፈው ዳንኤል ማሮ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ንጉሡ የፕሮቴስታንቶችን እምነት ሲከለክል ወደ ሆላንድ ተሰደደ፤ የአገሩም ጌጥ በእሱና በመሰሎቹ እጅ ባሕር ተሻገረ።

"ስደታቸው ለጥበብ በጀ" ነበር ሥርጉት ያለችው፣ ፈገግ ብላ። "ባይባረሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ውበት የት ይደርስ ነበር?"

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

"ቲቸር፣ እሷኮ ከሑመራ የተፈናቀለች ናት" አለ ሓፍቶም የሚባለው ተማሪ። "ከእናቷ ጋር እስካሁን መጠለያ ነው ያሉት።"

ሥርጉት ለማስተማር ከደብረ ብርሃን መቀሌ የመጣችው አምና ነው። መጠለያዎቹን በባጃጅ ስታልፍ ታያቸዋለች። ያቺ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቃ የቀረች መሰላት። ከሰዓት በኋላ ሓፍቶምን ቦታውን ጠይቃ ሄደች።

መጠለያው ትምህርት ቤት የነበረ ግቢ ነው። ፍሬወይኒ ከአንዱ ክፍል ደጃፍ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለቻት። "ሳላስብ ነው የተናገርኩት።"

"አስበውበታል እንጂ፣ ቲቸር። ስላይዱ ላይም ጽፈውታል።"

እውነት ነበር። ሥርጉት ዓረፍተ ነገሩን ስትጽፈው አምሮላት፣ ደግማ አንብባው ነበር።

"መን እያ?" እያለ ማን እንደመጣች የሚጠይቅ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

"መምህረይ እያ፣ ኣደይ" አለች ፍሬወይኒ።

እናቷ ወይዘሮ ኣልጋነሽ ወጥተው ሥርጉትን እጇን ይዘው አስገቧት። ጥቁር ሰሌዳው ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አስቀመጧትና ምን እንደምታስተምር ጠየቋት።

"ጌጥ ስለሚነድፍ ሰው ነው፣ ዳንኤል ስለሚባል" አለች ልጃቸው ቀድማ። "በእምነቱ ምክንያት ካገሩ ስለተባረረ።"

"ወይ ወደይ!" አሉ፣ የገዛ ወንድ ልጃቸውን ያነሱባቸው ይመስል። ወደ ሥርጉት ጠጋ አሉ። "ኋላስ? ኣገሩ ገባ?"

ሥርጉት ፍሬወይኒን አየቻት። ፍሬወይኒ አቀርቅራለች። "ገባ" ብትል ማንም አያጣራባትም። ሴትዮዋም ለዛሬ ደስ ይላቸዋል።

"አልገባም፣ እማማ" አለች። "እዚያው አርጅቶ ሞተ።"