ፊት ለፊት የተሰጠ ኬሚስትሪ

ማርላ ኮዋልስኪ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሐኪም ለመሆን ቆርጣ ስለተነሳች፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስፈልጉትን ኮርሶች በኢንተርኔት ወሰደች። የላብራቶሪው ዕቃ በፖስታ ይመጣላት ነበር። ባሏ ድዌይን ፍሪጅ ውስጥ የበግ ልብ አግኝቶ «ይሄ ለእራት ነው ለፈተና?» ሲላት «ለፈተና ነው፤ እንዳትነካው» አለችው።

በሁሉም ኤ አመጣች። የሕክምና ትምህርት ቤቱም በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረገላት።

«ኬሚስትሪን ፊት ለፊት አልተማርሽም» አሉ ዲኑ ከሳሎናቸው ሆነው፣ ድመታቸውን ከካሜራው ፊት እየገፉ። «ሕክምና ከሰው ጋር የሚሠራ ሙያ ነው። ክፍል ገብተሽ ድገሚውና ተመለሽ።»

ማርላ በገነች፤ ግን ከሥራዋ ፈቃድ ለምና ሰፈሯ ያለው ኮሌጅ ተመዘገበች። የመጀመሪያ ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ገብቶ ሰላምታ ሰጠ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ቪዲዮ ከፈተና ወጣ። ግድግዳው ላይ ብቅ ያለው እቤቷ ሆና በቪዲዮ ስትማር ያስተማራት ያው ሰውዬ ነበር።

አጠገቧ ያለችው ልጅ ጠጋ ብላ «ጎበዝ ነው እንዴ?» አለቻት።

«በጣም ጎበዝ ነው» አለች ማርላ። «እቤት ግን ሳይገባኝ ሲቀር አስቆመው ነበር።»