አራስ በሲንታሜይ ቤት

ዝናቡ ሲያባራ ከላይኛው ግጦሽ ወርደን ረግረጉ ዳር ወዳለው የበጋ መንደራችን ተመለስን። አህዮቹ ጓዛችንን እንደተሸከሙ የእሾህ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጆሯቸውን ቀስረው አንገራገሩ። ሲንታሜይ ግን የአህያ ምክር ሰምታ አታውቅም። ጨፈቃውን አጉብጣ፣ እበቱን ለቅልቃ በገዛ እጇ የሠራችውን ቤት አምስት ወር ሙሉ ስትናፍቀው ከርማለች። ጎንበስ ብላ ገባች።

ወዲያውም ወጣች፤ የኋሊት፣ ቀስ ብላ።

«ፓሼ» አለችኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት ጣውንቷ ሆኜ ስመጣ ጊደር ሰጥታኛለች፤ ከዚያ ወዲህ በጊደሯ «ፓሼ» እንባባላለን እንጂ በስም ተጠራርተን አናውቅም። «ፓሼ፣ ቤቴ አራስ ተኝታበታለች።»

«የማን ሚስት?»

«የአንበሳ! እሷ ወጣ ብላለች፤ ልጆቿ መኝታዬ ላይ ናቸው።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ዓይናቸው ገና በቅጡ ያልተገለጠ ሦስት ዥንጉርጉር ደቦሎች ቁርበቱ ላይ ተነባብረው ተኝተዋል። ከዚያ በኋላ አህዮቹን የቀደምናቸው እኛ ነን።

ባላችን ኦሌ ሳኒንጎ ከብቶቹን ይዞ ሲደርስ ነገርነው።

«በጭስ አስወጧት!» አለ።

የወንድሙ ልጅ ኪሉሱ ግን ዱካውን ጎንበስ ብሎ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሥራው አንበሶችን በእግሩ እየተከተለ የት እንደዋሉ ለእረኞች መንገር ነው። «ሰለንጌ ብዬ የምጠራት አንበሳ ናት» አለ። «አጎቴ፣ አንበሳ ስትወልድ ከእህቶቿ ተነጥላ ልጆቿን ትደብቃለች። ሽታቸው እንዳይበረታ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ ቦታ ትለውጣለች። ብንታገሥ ራሷ ትለቃለች።»

«መቼ?»

«ሲያሰኛት።»

«እኔ ሜዳ ላይ ልደር፣ እሷ ቁርበት ላይ?»

«የሬሶን አባት» አለችው ሲንታሜይ በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ቤቱ የማን ነው?»

ወደ ከብቶቹ ዞረ። እኛ ዘንድ ቤት የሠራችው ሴት ንብረት ነው።

«እንግዲያው ከቤቴ አራስ አይባረርም።»

ራቅ ብሎ ካለ ግራር ሥር አጥር አጥረን ሰፈርን። ቀን ቀን ኩይሳ ላይ ወጥተን እንሰልላታለን። ማለዳ ከአደን ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ በጉሮሮዋ ዝቅ አድርጋ ትጣራለች፤ ደቦሎቹ ከውስጥ በሚያላዝን ድምፅ ይመልሱላታል። ኦሌ ሳኒንጎ ወገቡን እያሻሸ «ዛሬም አለች?» ይላል። «አለች» እንለዋለን።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኪሉሱ እየሮጠ መጣ። ሁለት ጎፈራም ወንድ አንበሶች ወደ መንደሩ እያቀኑ ነው፤ የዚህ አገር አይደሉም።

«ታዲያ ይምጧ፤ ዘመድ ጥየቃ ይሆናል» አልኩት።

«ምን ዘመድ! የሌላ ወንድ ልጆች ካገኙ ይገድሏቸዋል። የምታጠባ እናት ወንድ አታስጠጋም፤ ልጆቿ ከሞቱባት ግን ቶሎ ትፈልጋለች። እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።»

«ባለጌዎች!» አለ ኦሌ ሳኒንጎ። ጦሩን አንስቶ፣ ቀይ ሸማውን አጣፍቶ፣ ባለ ቃጭሎቹን በሬዎች እየነዳ፣ እያፏጨና እየጮኸ ሜዳውን ተሻገረ። ኪሉሱም ተከተለው። ወንዶቹ አንበሶች ቃጭሉን ሲሰሙ ቆሙ፤ ሸማውን ሲያዩ ደግሞ ዞር ብለው በሶምሶማ ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። አገራቸው የትም ይሁን፣ የኛን ሰው ያውቁታል።

ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። «ላሞቼን ሊበሉብኝ!»

«ላሞቹ እኮ ማዶ ናቸው» አለች ሲንታሜይ።

«ይሄዱባቸው ነበር አልኩሽ!»

በማግስቱ ጠዋት ሰለንጌ አንዱን ደቦል በማጅራቱ አንጠልጥላ ወደ ቄጠማው ወሰደች። ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛው ግን ቀረ። ፀሐይዋ ከረረች፤ ሲንታሜይ ኩይሳው ላይ ቆማ ጥፍሮቿን ትቆረጥማለች።

«ረሳችው! መቁጠር አታውቅም እንዴ?»

«አንዳንዴ ይተዋሉ» አለ ኪሉሱ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ማን ይተዋል? እኔ ገብቼ አወጣዋለሁ!»

በነጠላዋ ይዤ አስቀረኋት። ስትታገለኝ ሰለንጌ ከቄጠማው ብቅ አለች፤ አረፍ ብላ ኖሯል። ያንን የመጨረሻውን አንጠልጥላ ስትሄድ ሲንታሜይ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ አይቼባት አላውቅም ነበር።

ቤቱ ሽንትና የበሰበሰ ሥጋ ይሸት ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ጠርገን፣ አጥነን፣ እንደ አዲስ ለቀለቅን።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ውኃ ስንቀዳ ሰለንጌን ከእህቶቿ ጋር ጥላ ሥር አገኘናት። ሦስቱም ደቦሎች አሉ። ሁለቱ የአክስታቸውን ጡት ይጎትታሉ፤ እሷ ሰለንጌ ደግሞ የሌላዋን ልጆች ታጠባለች።

«ደህና ጎረቤት አላት» አለች ሲንታሜይ፤ ቅሏን አዝላም ቁልቁል ወረደች።