ፀሐይ የመታው ጡት

በአሰብ ከሚያዝያ ጀምሮ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም ነበር። አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ ሕፃን ልጃችንን ትሩፋትን መሐል አድርገን እናድራለን። ጎሕ ሲቀድ ተጋድሜ ሳጠባት፣ ተራ የሚጠብቁት መርከቦች መብራት ባሕሩ ላይ አንድ በአንድ ሲጠፋ አይ ነበር። እንደዚያ ያለ ንጋት ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ዘመኑ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ባለቤቴ በዛብህ ደግሞ በነዳጅ ማጣሪያው የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ጡትና ጡጦ ማፈራረቅ ግድ ሆነ። ማለዳ አጠባታለሁ፤ እኔ ሳስተምር ጎረቤታችን እትዬ እታፈራሁ የዱቄት ወተት በጡጦ ይሰጧታል፤ ስመለስ እንደገና ጡት። መጀመሪያ ላይ ምንም ችግር አልነበረም።

ግንቦት ሲገባ ልጅቱ ጡቴን እምቢ አለች። አንዴ ሁለቴ ሳብ ታደርግና ትለቃለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ገትራ ታለቅሳለች። ጡጦ ስታይ ዝም ትላለች። ያልተጠባ ጡት እንደሚደርቅ አውቃለሁ፤ ወተቴም መቀነስ ጀምሯል። ውሃው ጨው ጨው በሚልበት፣ ሕፃን በትንሽ ነገር በሚያስቀምጠው አገር፣ አምስት ወር ሳይሞላት ጡት መጣሏ ያስፈራኝ ነበር። ከዚያም በላይ የከነከነኝ ግን ከሥራ ስገባ የምትፈልገው እኔን አለመሆኑ ነው።

«ፀሐይ መትቶሽ ነዋ!» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «በዚያ እሳት ስትመጪ ወተቱ ይፈላል። የፈላ ማን ይጠጣል?»

«የሰው ወተት በፀሐይ አይፈላም፣ እትዬ።»

«በይ እንግዲህ፣ አስተማሪ አይደለሽ? ለልጅሽ አስተምሪያት!»

ባላምንበትም ሞከርኩት። ጃንጥላ ያዝኩ፤ ስገባ ደረቴን ታጥቤ ጥላ ውስጥ ቆየሁ፤ የመጀመሪያውን ወተትም እንዳሉኝ አልቤ ደፋሁት። ምንም ለውጥ አላመጣም። ፀሐይ ቢሆን ኖሮ ማለዳ፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ ለምን እምቢ ትላለች? ሳሙናዬን ቀየርኩ። በርበሬ ተውኩ። ሁሉንም በየተራ እንጂ ባንድ ላይ አላደረግሁም፤ አንዱ ከሠራ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። አንዱም አልሠራም።

አንድ እሑድ ልጅቱን ትቼ ጡጦውን መመርመር ያዝኩ። ወተት ሞልቼ ገለበጥኩት። ጠብ ጠብ ይላል ብዬ ስጠብቅ ተንዠቀዠቀ። የጎማ ጫፉን ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። የቀዳዳው ጠርዝ ጠቁሯል።

«በዛብህ! ይኼን ጎማ የበሳው ማነው?»

ሸሚዙን ሳይቆልፍ ከግቢ ገባ።

«እኔ ነኛ! ልጅቷ እኮ ላብ እስኪያጠምቃት ነበር የምትለፋው። መርፌ አግዬ መስመሩን ሰፋ አደረግሁላት። አሁን አየሻት? ባንድ ትንፋሽ ጭልጥ!»

«አየኋት። ጡቴንስ በምን ልትበሳልኝ ነው?»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ጡጦውን አየ፤ ልጅቱን አየ።

«አሰነፍኳት በይኛ።»

«ሰነፍ አይደለችም። አፍ ከተከፈተ ወተት ይወርዳል ብላ ለምዳለች። ከእኔ ሲሆን መሳብ አለባት።»

ወዲያው ወጥቶ ከአረብ ቤት አዲስ ጎማ ገዝቶ መጣ። ማታ እሱ ራሱ አቅፎ ያዛት። ትሩፋት ሳበች፤ ወተቱ ቀስ እያለ መጣባት፤ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። እትዬ እታፈራሁ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

«ምን አደረጋችኋት?»

«ሥራ አስጀመርናት» አልኩ።

«በዚህ ዕድሜዋ! ማጣሪያው ቀጠራት እንዴ?»

በዛብህ አልሳቀም። «ሳቢ፣ የኔ እመቤት፣ ሳቢ» ይላታል፤ እሱንም ላብ አጥምቆታል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ትንሽ ብቻ ላስፋው?»

«አይሆንም።»

እያለቀሰችም፣ እያረፈችም ጨረሰችው። በማግስቱ ጩኸቱ ቀነሰ። እኔም ወተቴ ጨርሶ እንዳይጠፋ ጠዋት ማታ እያለብኩ ቆየሁ፤ ደረቴ ላይ ማስጠጋቱንም አልተውኩም። እሷም መልቀቋን አልተወችም።

ሳምንቱ ሳይሞላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብቼ፣ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ጋደም እንዳልኩ ጡቴን ያዘች። አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ። ትለቃለች ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቆም አለች፤ ቅንድቧን ሰበሰበች፤ ከዚያ ደግማ ሳበች፣ ጠንከር አድርጋ። ወተቱ ሲወርድ ደረቴን ወጋ አደረገኝ።

በዛብህ ከፈረቃ ተመልሶ በሩን ሲከፍት፣ ዝም እንዲል በእጄ ጠቆምኩት። ዘይት የነካ ልብሱን እንደለበሰ ደፉ ላይ ቆመ። ትንሿ ጉሮሮዋ ስትውጥ ከበሩ ድረስ ይሰማ ነበር።