የወንድሜ ድምፅ

እኔ ዝም ማለት አልችልም። ቤተሰቡ «ሬዲዮ» የሚለኝ በከንቱ አይደለም፤ ልብስ ስሰፋ እንኳ መርፌውን በጥርሴ ይዤ አወራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ከአፉ አንድ ቃል ለማውጣት ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። ታዲያ የጉሮሮ ካንሰር የያዘው እሱን! ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ቆርጠው አወጡት፤ እኔ ይኸው አሁንም እለፈልፋለሁ። እንዲህ ያለ ፍርድ አይቼ አላውቅም።

ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ብሎክቼይን የሚሉትን ነገር ስንት ጊዜ አስረዳኝ መሰላችሁ! እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ አንድ መዝገብ አለ፤ ባለቤት የለውም፤ በየአገሩ ያሉ ማሽኖች እኩል ይዘው ይጠብቁታል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዷን ክፍል የጻፈው ወንድሜ ነው። ስድስት ዓመት ፈጅታበታለች። በእሷ ምክንያት ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ሳይቀር ከትልልቆቹ ማሽኖች እኩል ጠባቂ ይሆናል። አላገባም፣ አልወለደም፤ ልጁ እሷ ናት።

እሱ አልጋ ላይ ሲውል ባለትልልቅ ማሽኖቹ «ስልኮቹ መረቡን አዘገዩት፤ ያቺ ክፍል ትውጣ» ብለው ማሻሻያ አቀረቡ። እዚያ ቤት አለቃ የለም። ቶክን የሚሉት የድርሻ ሳንቲም ያለው ሁሉ በያዘው ልክ ድምፅ ይሰጣል። ወንድሜ ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ ስለሆነ የያዘው ቀላል አይደለም። ድምፅ መስጫው ለሰባት ቀን ተከፈተ፤ የሚዘጋው ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ በየቀኑ ውጤቱን ከስልኩ ላይ አነብለታለሁ። የሚደግፉት እየጨመሩ ሄዱ፤ የሚቃወም ግን የለም ማለት ይቻላል።

«እነዚያ አብረውህ የሚሠሩት ጓደኞችህ ምን ዋጣቸው? አንተስ ለምን ድምፅህን አትሰጥም?» እለዋለሁ።

በእጁ ተዪው ይለኛል። ተስፋ ቆርጧል ብዬ አንጀቴ እርር ይላል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከነርሷ ጋር ተጣላሁ። ትራሱን ቀይሪለት ብዬ ሦስት ጊዜ ብነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ፤ ቱግ አልኩና ክፍሉን ቀውጢ አደረግኩት። ወንድሜ ክንዴን ያዝ አድርጎ ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ «እትዬ፣ በናትሽ እስከ ነገ ዝም በይ።»

«እሺ፣ ለአንተ ስል» አልኩት። የነርሷ ተራ የሚያልቀው በማግስቱ ነው፤ እስከዚያ ቻያት ማለቱ መሰለኝ። ቃሌን ጠበቅሁ። ጠዋት ትራሱን ራሴ ቀየርኩለት፤ ከአፌ አንድ ክፉ ቃል አልወጣም።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ለምርመራ ወሰዱት፤ ስልኩ እኔ ጋ ቀረ። ከፈትኩት። ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ከስሙ ፊት ለፊት «ድምፅ አልሰጠም» ይላል። ደሜ ፈላ። ልጁን ሊቀብሩበት ነው፣ እሱ አለሁ እንኳ ሳይል? ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሏል፤ አንዴ እንኳ «አይሆንም» ይበላ! የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ያነበብኩለት በዚያው አይደል። «እቃወማለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። እሰይ አልኩ፣ ብቻዬን፣ ባዶ አልጋ ፊት።

ገጹ ላይ ቀይ የነበረው መስመር አረንጓዴ ሆነ። ከሥሩ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ይላል።

ክው አልኩ። እኔ የልብስ ሰፊዎች ማህበር አባል ነኝ፤ ስንቴ ነው ሰው አልሞላም ተብለን የተበተንነው! ሊቀመንበራችን የማንወደውን ነገር ስታመጣ ሆን ብለን ቤታችን እንቀር የለም እንዴ! እዚህም፣ ገጹ እንደሚለው፣ ከመቶው አርባ እጅ ድምፅ ካልተሰጠ ማሻሻያው ውድቅ ነው። ጓደኞቹ የጠፉት ለዚህ ነበር፤ ሁሉም አድፍጠው ስድስት ሰዓትን ይጠብቃሉ። መቃወምም መገኘት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ የቆመውን አርባ ያስገባሁት እኔ ነኝ። «እስከ ነገ ዝም በይ» ያለኝ ስለ ነርሷ አልነበረም፤ ስለ ድምፅ መስጫው ነበር። ቀድሞ ለምን በግልጽ እንዳልነገረኝ ደግሞ አልጠይቅም፤ ለሬዲዮ ምስጢር የሚነግር የለም።

መሰረዣውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አንዴ የተሰጠ ድምፅ አይመለስም ይላል።

በጋሪ ሲመልሱት ቃል አልተነፈስኩም። ዝምታዬን አይቶ ነው የጠረጠረው መሰለኝ፤ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት። ብዙ አየው።

«እኔ ነኝ» አልኩት፣ «እኔ ነኝ ወንድምዬ፤ አላወቅሁም፣ እኔን አፈር ያስበላኝ!»

ደብተሩን አነሳ። «ሌላ ማን ይሆናል?» ብሎ ጻፈ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚስቅ መስሎኝ እኔም ፈገግ ልል ስል እንባው አንገቱ ላይ ወዳለው ፋሻ ሲወርድ አየሁ። ድምፅ ስለሌለው ለቅሶው ከሳቁ አይለይም።

የሁሉም ድምፅ ለሁሉም ይታያል፤ መስመሩን ያሻገረው ድምፅ የተመዘገበው በእሱ ስም ነው። ጓደኞቹ «ምነው? ተስማምተን አልነበረም ወይ?» ብለው ጻፉለት። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ብለምነው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ፤ መድኃኒቱ አደንዝዞኝ ተሳሳትኩ» ብሎ መለሰላቸው። ስሜን አላነሳም። ከዚያ ወዲያ እየመጣ የሚጠይቀው ጓደኛ አልነበረም።

ክፍሏን ሰኞ ቀን አወጧት። እሱ ቅዳሜ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ግን ሁሉም መጡ። አንደኛው፣ ከእሱ ጋር ስድስቱን ዓመት አብሮ የሠራው፣ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ። «እንደሱ ያለ ጭንቅላት መጨረሻ ላይ እንዲያ ይሳሳት?» አለኝ። «ተቀይሜው ነበር። ሳልሰናበተው ቀረሁ።»

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «ስልኩን ይዤ የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

«አይዞሽ እትዬ፤ ሐዘን ነው። ሁላችንም ራሳችንን እየወቀስን ነው» አለኝ።

ተነስቼ ለሁሉም ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ደጋግሜ ተናገርኩ። ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጡኝና ውሃ አመጡልኝ።