የሌሊት ተረኛ

እናቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌሊት ስልክ አገናኝ ነበረች። አገር ሁሉ ሲተኛ እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ሽቦ እየነቀለች ሽቦ እየሰካች፣ ሐኪሙን ምጥ ከያዛት ሴት፣ ነጋዴውን ከመጋዘኑ፣ ልጁን ከናፈቀችው እናቱ ስታገናኝ ታነጋለች። ጡረታ የወጣች ቀን መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማት። «እንቅልፌን ሰጥቻቸው ሰዓት ሰጡኝ» እያለች ስንት ዓመት ሳቀችበት።

ሰባ ስምንት ሲሞላት መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፏን፣ ቀጥሎ የጎረቤቷን ስም፣ ከዚያ የባሏን መሞት። ያልረሳችው ነገር ቢኖር ፈረቃዋን ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ወታደር ብድግ ትልና ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ በሩን ትፈልጋለች።

«ረፍዶብኛል! መስመሩን ማን ያዘው?»

ይህ ጣጣ የወደቀው በትልቋ ልጇ ላይ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ እታለም ትባላለች፤ ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ የጠራት መጠሪያ ነው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ሌላ ስም ያላት አይመስልም። ትዳሯ በሁለት ዓመቱ ፈርሶ እናቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ወጥታ አታውቅም። እናቷ ሌሊት ሌሊት መነሳት ስትጀምር ስስ ፍራሽ አምጥታ በሩ ሥር አነጠፈች። እናትየው ብትወጣ በልጇ ላይ ተራምዳ ነው የምትወጣው።

አራት ዓመት እንዲህ ተኛች፤ መተኛት ከተባለ። ቁጣም ልመናም እንደማይሠራ ቶሎ ገብቷታል። የሚሠራው አንድ ዘዴ ብቻ ነበር። ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ጆሮዋ ላይ ትለጥፍና «ሃሎ» ትላለች። ያኔ እናቷ ቀጥ ትላለች፤ የተጨማደደው ፊቷ ይፈታል፤ ድምጿ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ለስለስ ይላል።

«ማንን ላገናኝዎት?»

«ወንድሜን።»

እናቷ አየሩ ላይ የሆነ ነገር ነቅላ የሆነ ነገር ትሰካለች። «መስመሩ ተይዟል። ይጠብቃሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሲጠባበቁ አሥር ሰዓት ይሆናል። አንዳንድ ሌሊት እታለም ለቀልድ ያህል ሌላ ሰው ትጠይቃለች፤ ያም መስመር ተይዟል።

ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች። ሥራዋ አንሶላ መተኮስ ነው። ትልቁ ባለሲሊንደር ማሽን አንሶላውን ከዚህ ወገን ይጎርስና በዚያ ወገን ትኩስና ልሙጥ አድርጎ ይተፋዋል። አንዷ ታጎርሳለች፣ አንዷ ትቀበላለች። በቀን አራት መቶ አንሶላ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ ጨርቁ ነጭ ነው፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለም። አንድ ቀን ቆማ ስታጎርስ ዓይኗ ክድን አለ፤ እጇ ከአንሶላው ጋር አብሮ ሄደ። ጓደኛዋ ጮኻ ማሽኑን ባታጠፋው ጣቶቿ ተተኩሰው በወጡ ነበር። አይበሉባዋ ላይ የእንቁላል ያህል ጠባሳ ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሠራተኞቹ ከኋላዋ «ካውያ» የሚሏት ሴትዮ፣ ቁስሉን በራሷ እጅ ጠቀለለችላትና የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፈችባት።

«ጥፋትሽ አይደለም፤ ግን እዚህ እጅ ቢቆረጥ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለቻት።

እታለም ያን ቀን ወንድሟ ጋ ደወለች። በሳምንት ሁለት ሌሊት እንዲይዝላት ለመነችው።

ወንድምየው አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የሥልጠና ኃላፊ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለእናቱ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው። እሑድ መጣ። ሲናገር ጣቱን እየቆጠረ ነው።

«እታለም፣ ያንቺ ችግር እንቅልፍ ማጣት አይደለም፣ ሥርዓት ማጣት ነው። በቅርቡ ለሠራተኞቻችን ሥልጠና አሰጥተን ነበር። አንደኛ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛት። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ጨለማና ጸጥ ያለ እንዲሆን ማድረግ። ሦስተኛ፣ ከቀትር በኋላ ሻይ መተው።»

«እናትህን ሌሊት ማን ይይዝልኛል? እሱ ስንተኛው ላይ ነው?»

ጣቱን አጠፈ። «ባለቤቴ እንቅልፏ ስስ ነው። ኮሽ ሲል ትባንናለች።»

«የእኔ ወፍራም ነው?»

እናታቸው ከወዲያ ሆና «ማሙሽ በላ?» አለች። እሱ ስልኩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ በመጨረሻ ቅዳሜን እወስዳታለሁ አለ። አንዲት ሌሊት፤ ለሙከራ።

ቅዳሜ ማታ መኪናው ዞሮ እንደሄደ እታለም ራት እንኳ አልበላችም። አልጋዋ ላይ፣ የራሷ አልጋ ላይ፣ ተዘረጋች። ሕልም አየች፤ ከስንት ዓመት በኋላ! ይህ ነው የሚባል ሕልም አልነበረም። ባዶ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ትሄዳለች፤ ውረጂ የሚላት የለም፣ የሚጠራት የለም። እንዲህ እየሄደች ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ወንድሟ እናታቸውን ክንዷን ይዞ ቆሟል። ዓይኖቹ አብጠዋል፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል።

«ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችንም! ሦስት ጊዜ ተነሳች። ልጆቹ ፈሩ፤ ባለቤቴ ራሷን አሟታል። ይህ እኮ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም!»

እታለም «አንቺስ እንዴት ቻልሽው?» የሚለውን ቃል ጠበቀች። አልመጣም። «አንዲት ሌሊት ናት እኮ» አለችው ቀስ ብላ።

«ታዲያ አንድ ሌሊት ቀላል ነው?»

ሳቋ መጣ። በሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እሱ ግን ምን እንዳሳቃት አልገባውም። ከኪሱ ብልቃጥ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረ። «ባለቤቴ የምትወስደው የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ማታ አንድ ስጫት። ትተኛለች፣ ትተኛለሽ።»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለአረጋውያን አይሆንም ብላኛለች። ያንገዳግዳቸዋል፣ ይጥላቸዋል።»

«ነርስ ምን ታውቃለች? እኔ ነኝ የምልሽ።»

ብልቃጡን ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጠችው። አምስት ሳምንት አልነካችውም። በስድስተኛው ሳምንት የአንሶላ ክምር ላይ ተደፍታ ካውያ አገኘቻት፤ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ሦስተኛው ስንብት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ያን ዕለት ማታ ወንበር ላይ ወጣች፣ ብልቃጡን አወረደች፣ አንዷን ፍሬ ፈጭታ ወተት ውስጥ በጠበጠች።

እናቷ ተኛች። እታለምም አልጋዋ ላይ ተኛች። ስምንት ሰዓት መጣ፣ አለፈ። በነጋታውም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም። ሥራ ቦታ ጓደኞቿ «ፊትሽ ምን ተቀባ?» አሏት። እያንጎራጎረች አንሶላ አጎረሰች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ እናቷ ጠዋት ያስቀመጠቻት ወንበር ላይ ነበረች። ቀን ቀን የምታያት ጎረቤት «ዛሬስ ቃልም አልተነፈሰች» አለች። ማንኪያው ከእጇ ይወድቃል፤ ምላሷ ተሳስሯል። እታለም ደንግጣ እጇን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ሃሎ?»

እናቷ አየቻት፤ እንደ ግድግዳ አየቻት። ማንን ላገናኝ የለም፣ መስመር የለም።

እታለም ያኔ ተነስታ ብልቃጡን ሽንት ቤት ደፋችው፤ ውሃ ለቀቀችበት። ያን ማታ ምንም አልሰጠቻትም። ስሱን ፍራሽ መልሳ በሩ ሥር አነጠፈች። ከዚያ ጫማዋን ልታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አንዱን አወለቀች።

ሁለተኛውን አላወለቀችውም። ስትነቃ ፀሐይ ወጥቷል፤ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍራሹ ላይ የእግር ዱካ አለ።

እናቷ ከደጃፉ ሦስት ደረጃዎች ግርጌ ወድቃ ነበር፤ ካፖርቷን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፋለች። እጇ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዓይኗን ከፍታ ልጇን አየቻትና በደህናው ድምጿ «ስደውል ስደውል ማንም አላነሳም» አለች።

የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ «የሚወስዱት መድኃኒት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እታለም አፏን ሳትከፍት ወንድሟ ቀደማት።

«የለም። ምንም አይወስዱም።»

ከዚያ ዞሮ አያት። እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ ልጅ ሆኖ ብርጭቆ የሰበረ ጊዜ ካልሆነ በቀር። የፈራው ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። እናታችንን የጣላት የእኔ ኪኒን ነው ብሎ አምኗል። ትናንት ማታ አልሰጠኋትም ልትለው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግን ክንዷን ጨምቆ ይዞ ፋታ አልሰጣትም።

«ብልቃጡን ጣይው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለሁለታችንም አይበጅም።»

«ጥዬዋለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። የቀረውን ልትቀጥል ስትል ስልኩ ጠራ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

እናታቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች፤ የሳንባ ምች ያዛትና ሞተች። ሊያጽናኗቸው ሰዎች መጡ፤ ቤቱ ሞላ። እታለም ውሃ ይዛ ስታልፍ ወንድሟ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ተቀምጧል። አንዱ እንዴት ወደቁ ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም።

«እታለም ደግ ናት» ይላል ድምጹን ዝቅ አድርጎ፤ «ምን ያደርጋል፣ እንቅልፏ ከባድ ነው። ቤት ቢደረመስ አትሰማም።»

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀና ብለው አዩዋት። የውሃውን ብርጭቆ ለእያንዳንዳቸው አቀረበች፤ ለእሱም አቀረበች። ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ፤ ሆዷም ፈጀው።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ፣ ወንድሟ መጣ። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኖ ቆሟል። ጣቱን አልቆጠረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ መዳፎቹን ሲያሻሽ ቆየ።

«አልተኛም፣ እታለም። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ደረጃው ላይ አያታለሁ። ሥራ ላይ ሰው ፊት ቆሜ የምለው ይጠፋኛል። ያን ማታ ስንት ሰጠሻት? አንድ ነው? ግማሽ ነው? ከኪኒኑ አይደለም በይኝ። ብትዋሺኝም ግድ የለም፣ በይኝ!»

መዋሸት አያስፈልጋትም ነበር። አንዲት እውነተኛ ዐረፍተ ነገር በቂ ናት፤ ብትናገራት ዛሬ ማታ ተኝቶ ያድራል። ግን ያቺ ዐረፍተ ነገር ከእሱ ትከሻ ወርዳ የምታርፈው በማን ላይ እንደሆነ እታለም ታውቃለች። እንቅልፏ ከባድ ነው የሚለው ሐሜት በገዛ አፏ እውነት ይሆናል። ደግሞም፣ ይህን ለራሷ እንኳ ለመናገር አፈረች እንጂ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲለምናት ማየት ደስ ብሏት ነበር።

«ሐኪሙ የጠየቀ ዕለት ለእኔ ብትተውልኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ አንተም ትሰማ ነበር» አለችው።

አለቀሰ። እንደ ልጅ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። ሲወጣ አላስቀረችውም።

ያን ሌሊት ደስታው ከእሷ ጋር አላደረም። ገና ሳይመሽ ኮመጠጠ። ጣሪያውን እያየች፣ ቂም በትራስነት እንደማያገለግል እየገባት፣ ነጋ። ከሥራ በፊት ልንገረው ብላ ተነሳች። በሁለት አውቶቡስ ቤቱ ደረሰች። የምትለውን መንገድ ላይ ስትደጋግም ነው የሄደችው፤ አልሰጠኋትም፣ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሩን የከፈተችው ባለቤቱ ናት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

«አሁን ገና ነው የተኛው» አለች በሹክሹክታ። «ማታ እያለቀሰ መጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ አድሮ አሁን ወደቀ። አንቺ ጋ መምጣቱ ሳይቀለው አልቀረም። ልቀስቅሰው?»

ከውስጥ ማንኮራፋቱ ይሰማል። እታለም የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከአሁን አሁን ይነሳል ብላ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ባለቤቱ በእግር ጣቷ እየተራመደች የልጆቹን ጫማ ከመተላለፊያው ታነሳለች፤ ኮሽ አላለችም።

«ምን ልበልልሽ?»

«ምንም። ይተኛ።»

ሥራ ዘግይታ ገባች። በሚቀጥለው እሑድ ወንድሟ ደወለ፤ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወሩ፣ ስለ ልጆቹ ፈተና አወሩ። እሱ ሁለተኛ አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም።